ለቲርድሮፕ በር ጠርዝ ምን ይሻላል? ከነመልሶቹ

ይህ የኢንተርኔት መድረክ ክር፣ አንድ ጥያቄና የተደረደሩለት መልሶች፣ ረጅም ነው። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው ሰው ተራውን ሳልለቅ በራሴ አነጋገር ልተርከው። የማን ሐሳብ እንዳሳመነኝ፣ የማን እንዳላሳመነኝም አልደብቅም።

ጥያቄውን ያነሣው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ የሚኖር ሰው ነው። ከሴት ልጁ ጋር ጋራዡ ውስጥ ቲርድሮፕ እየሠራ ነው። ለማያውቅ፣ ቲርድሮፕ በተራ የቤት መኪና የሚጎተት ትንሽ የካምፕ ተሳቢ ነው። ፊቱ ክብ ነው፣ ጀርባው እየሾለ ይወርዳል። ሁለት ሰው ያስተኛል። የኋላ ክዳኑ ሲነሣ ምድጃና መደርደሪያ ያለው ወጥ ቤት ብቅ ይላል። ውስጡ ቆሞ መሄድ የለም። ቅርጹ አሜሪካ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ የእጅ ሥራ መጽሔቶች ንድፉን እያተሙ አስፋፉት። የተለመደው ልኩ 4 በ8 ጫማ ነው፤ አንድ ሙሉ ኮምፔንሳቶ የሚሸጠው በዚያ ልክ ስለሆነ ለሠሪው ይመቻል።

ሰውዬው ግድግዳውን ከ3/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ ሠርቷል። ላዩን 1 ሚሊ ሜትር የሚሆን የአሉሚኒየም ላሜራ አልብሶታል። ለበሩ ሌላ እንጨት አልፈለገም። ከግድግዳው ቆርጦ ያወጣውን ቁራጭ ራሱን በር አደረገው፣ ማዕዘኖቹንም ክብ አድርጎ ቆረጣቸው። ችግሩ ጠርዙ ላይ ነው። ዙሪያውን ጥሬው እንጨት ይታያል። የላሜራው ጫፍ እጅ ይቆርጣል። በበሩና በግድግዳው መካከልም መጋዙና ብርጭቆ ወረቀቱ የበሉት 5 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት አለ። የሚፈልገው ጠርዙን የሚሸፍን፣ ዝናብና አቧራ የሚከለክል፣ ማዕዘን ላይም የሚታጠፍ አንድ ነገር ነው። መደብር ሄዶ ያገኘው ለቤት በር የሚሆነውን ቀጥ ያለውን ብቻ ነው። ስሙ ምን ይባላል? ከየትስ ይገዛል? ባለቤቱ አንዲት ጠብታ ከገባች ሆቴል እንደምታድር ከወዲሁ አስታውቃለች።

መልስ 1 የመጣው ሲልቨር ስፕሪንግ ከምትኖር ሴት ነው። ደግ መልስ ነው። አባትና ልጅ አብረው መሥራታቸውን አመሰገነች፣ ፎቶ እንዲለጥፉ ለመነች። ከዚያ ነገሩ ቀላል እንደሆነ ጻፈች። ለመስኮት የሚሸጠውን፣ ጀርባው የሚጣበቀውን ስፖንጅ በበሩ ዙሪያ መለጠፍ ነው። ርካሽ ነው። በመቀስ ይቆረጣል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

መልስ 2 ከሚኒያፖሊስ ነው፣ በትሕትና አረማት። እህቴ ብሎ ጀምሮ ስፖንጅ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ አስረዳ። ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ የተገናኙት ዓይነት ውኃ ይመጥጣል፣ ከዚያ ሌሊት በረዶ ይሆናል፣ ጠዋት በሩ አልከፈት ይላል። ቀዳዳው የተዘጋው ዓይነት ይሻላል፤ ከዚያም ውስጥ ኢፒዲኤም የሚባለው ጎማ ፀሐይንም ብርድንም ይችላል። ተራው ፒቪሲ ብርድ ሲመታው ይደርቃል። ኮሎራዶ ደግሞ ሁለቱም አለባት፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ከፍታው ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጥሩ መልስ ነው። ግን ይህም ስለ ጎማ ብቻ ነው፣ የእንጨቱን ጠርዝ የነካው የለም።

ክሩን መስመር ያስያዘው መልስ 3 ነው። ጸሐፊው ዴንቨር የሚሠራ አናጺ ነው። አጭር፣ ትንሽ ደረቅ ያለ ሰው ነው። ጥያቄው ውስጥ ሁለት ሥራዎች ተደባልቀዋል አለ። አንዱ የተቆረጠውን እንጨትና የላሜራውን ስለት መሸፈን ነው። ሌላው ውኃና አቧራ መከልከል ነው። አንድ ቁራጭ ጎማ ሁለቱንም እንዲሠራ ከተጠበቀ ሁለቱንም በደንብ አይሠራም። ከዚያ ጥያቄ ደረደረ። በሩ ከግድግዳው ጋር እኩል ነው የሚቀመጠው ወይስ ላዩ ላይ ይደረባል? ውፍረቱ ከነላሜራው ስንት ነው? የማዕዘኑ ክብነት ስንት ነው? በሩ ከውስጥ የሚያርፍበት ነገር አለ ወይ?

እኔ በበኩሌ የሚቀጥሉትን መልሶች ሁሉ የምለካው በዚህ ነው። ይህን ልዩነት ያልያዘ ሁሉ ዙሪያውን ሲዞር ታዩታላችሁ።

በመልስ 4 ጠያቂው ተመለሰ። በሩ እኩል ነው የሚቀመጠው። ውፍረቱ 19 እንጨት፣ 1 ላሜራ፣ በድምሩ 20 ሚሊ ሜትር ነው። የማዕዘኑ ክብነት 10 ሴንቲ ሜትር ነው። ከውስጥ የሚያርፍበት ነገር የለም፣ ገና አላሰበበትም። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ቀለል አድርጎ ነው የጻፋት፤ ዋናው ጉዳይ ግን እሷ ናት።

መልስ 5 ቲ ሞልዲንግ የሚባለውን አመጣ። ቁርጡ ሲታይ የላቲን ቲ ፊደል የሚመስል ፕላስቲክ ነው። የድሮ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖች ጠርዝ ላይ፣ አንዳንድ የካፌ ጠረጴዛዎች ላይ ያለው እሱ ነው። በእንጨቱ ጠርዝ መሐል ለመሐል በራውተር፣ ማለትም በእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን፣ ጠባብ ቦይ ይቆረጣል። የቲው እግር ጥርስ ስላለው ቦዩ ውስጥ ተመቶ ሲገባ ይነክሳል። የቲው ራስ ጠርዙን ይሸፍናል። በሙቅ ውኃ ወይም በሙቅ አየር ሲለሰልስ ማዕዘን ላይ ይታጠፋል። ጸሐፊው 20 ሚሊ ሜትር ላለው በር የ13/16 ኢንቹን፣ ማለትም 20.6 ሚሊ ሜትር የሆነውን እንዲያዝ መከረ። የ3/4 ኢንቹ ከተገዛ የላሜራው ስለት ውጭ ይቀራል።

መልስ 6 ይህን ሲያነብ ተቆጣ። የምን ስሌት ነው ዓይነት አጀማመር ነበረው። መደብር 3/4 ኢንች እያለ የሚሸጠው ኮምፔንሳቶ ብዙ ጊዜ 23/32 ነው፣ 18 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው። ስለዚህ ከመለያው ላይ አንብቦ 19 ከማለት መለኪያ ማንሣት ይቀድማል። እስከዚህ ትክክል ነው፤ አሜሪካ ውስጥ እንጨት የገዛ ሁሉ ያውቀዋል። ከዚያ ግን ቲ ሞልዲንግ ውጭ የሚጠቀም ሰው ሥራ አያውቅም ብሎ ጨመረበት። ቦዩ ትንሽ ከሰፋ ማዕዘኑ ላይ ተነቅሎ ይወጣል፣ ውኃ አያግድም፣ ጌጥ ነው።

መልስ 7 ያው የ5 ባለቤት ነው። ስድቡን ዋጥ አድርጎ፣ ግን ጥርሱን ነክሶ መለሰ። ቲ ሞልዲንግ ውኃ ያግዳል ያለ የለም። ሥራው መሸፈን ነው። የሚያግደው ሌላ ነው። በተጨማሪም ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ራሱ ሰፊ የሆነ ቲ አለ። እሱ በሩ ላይ ሲገባ የውጭው ክንፉ አልፎ ግድግዳው ላይ ይደረባል፣ ክፍተቱን ከላይ ይከድነዋል። ከክንፉ ሥር ስስ ጎማ ከተለጠፈ ዝናቡ መጀመሪያ የሚያገኘው ብረት ነው። ይህ መልስ ቁጣ ባይኖርበት ኖሮ ብዙ ሰው ያነበው ነበር። ብዙ የቲርድሮፕ ሠሪዎች የሚሄዱት በዚህ መንገድ ነው።

መልስ 8 ስለ ነካሽ ጎማ ነው። ዩ ቅርጽ ያለው፣ ውስጡ የብረት ቁርጥራጭ የተቀበረበት፣ ጠርዝ ላይ ሲጫን ራሱ የሚነክስ። በጎኑ ወይም በጀርባው ክፍት ቱቦ የመሰለ ለስላሳ አምፖል አለው። በሩ ሲዘጋ አምፖሉ ይጨፈለቃል፣ ክፍተቱን ይሞላል። ኮላ አይፈልግም። ማዕዘኑም 10 ሴንቲ ሜትር ክብነት ካለው ሳይጨማደድ ይዞራል። ጠያቂው በልቡ የፈለገው ይህን ይመስለኛል። ችግሩ ልኩ ነው። በብዛት የሚገኙት ከ1 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላለው ጠርዝ የተሠሩ ናቸው። 20 ሚሊ ሜትር የሆነ በር ምኑን ይነክሰዋል?

መልስ 9 ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። እሳቸው የመኪና በር ጓርኒሲዮን ይሻላል አሉ። ከአሮጌ መኪና መሸጫ ግቢ ሄዶ የሴዳን በር ጎማ ነቅሎ ማምጣት ነው። ለዓመታት ፀሐይና ዝናብ የተፈተነ ነው፣ ዋጋውም ከምንም አይቆጠርም። ከዚያ ወደ ትዝታ ገቡ። ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ እንዴት እንደሚፈለግ፣ ምናለሽ ተራ የተጣለ ነገር እንዴት ነፍስ እንደሚዘራ ጻፉ። የክረምት ዝናብ ሚኒባስ ውስጥ በበሩ በኩል ገብቶ የተሳፋሪ ጫማ እንዴት እንደሚያርስም ተረኩ። የመልሳቸው ሁለት ሦስተኛ ስለ በር ጎማ አይደለም። ማንም አልተከፋም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው ያነበብኩት።

መልስ 10 ግን ሳያለዝብ አስታወሰ። የመኪና ጓርኒሲዮን የሚነክሰው ስስ ላሜራ ነው፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ። የ8ም የ9ም ችግር አንድ ነው፣ አልሸሹም ዞር አሉ። ከዚያ ራሱ መፍትሔውን ጻፈ፣ ለእኔ ከክሩ ሁለተኛው ምርጥ መልስ እሱ ነው። ከግድግዳው ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ በበሩ ክፍት ዙሪያ፣ የ1/4 ኢንች ኮምፔንሳቶ ፍሬም መለጠፍ ነው። ፍሬሙ ወደ ክፍቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በሩ ሲዘጋ እዚያ ላይ ያርፋል። ነካሹ ጎማም የሚነክሰው ያንን ስስ ፍሬም ነው። የ6 ሚሊ ሜትሩ ልክ እዚህ ይሠራል። ለመኪናው ጓርኒሲዮን ደግሞ ፍሬሙን በእንጨት ፈንታ ከአሉሚኒየም መሥራት ይቻላል። ጋሼም ትክክል፣ 8ም ትክክል፤ የጎደለው ፍሬሙ ነበር። አናጺው በ3 በሩ ከውስጥ የሚያርፍበት አለው ወይ ብሎ የጠየቀው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ክሩ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

መልስ 11 ለምን ትደክማላችሁ የሚል ነው። ዝግጁ በር ከነመስኮቱ፣ ከነወንፊቱ፣ ከነቁልፉ ይሸጣል። ክፍቱ በልኩ ይቆረጣል፣ ቡቲል ቴፕ የሚባለው ለስላሳ የሚጣበቅ ማሸጊያ ይደረጋል፣ የውስጥ ፍሬሙ ይታሰራል፣ አለቀ። አንድ በር ብዙ መቶ ዶላር ነው፣ ግን ጊዜም ገንዘብ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። አጻጻፉ ግን ትዕቢት ነበረበት፤ በእጁ የሚሠራ ሰው ሁሉ ቸጋራ ነው የሚል ቃና።

መልስ 12 የጠያቂው ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጥቶ። ገንዘብ አልጠየቅኳችሁም፣ ጎማ ነው የጠየቅኩት ዓይነት መልስ ሰጠ። በሩን ልጁ ናት የቆረጠችው። ክፍቱም ተቆርጧል፣ በዝግጁ በር ልክ አይደለም። እሱ ጋ ክርክሩ ተዘጋ።

መልስ 13 ከሲያትል መጣ፣ ወደ አሉሚኒየሙ ቲ መለሰን። ማዕዘን ላይ እንዴት እንደሚታጠፍ የበያጆች ዘዴ አለ። አሉሚኒየም ላይ ደረቅ ሳሙና ይቀባል። ከጀርባው በጋዝ ችቦ በቀስታ ይሞቃል። ሳሙናው ሲጠቁር እሳቱ ይነሣል። ብረቱ ለስልሷል ማለት ነው። ሲቀዘቅዝ በእንጨት ቅርጽ ላይ በእጅ ይታጠፋል።

መልስ 14 ማስጠንቀቂያ ጨመረ። አሉሚኒየም እንደ ሌላው ብረት ቀልቶ አያስጠነቅቅም። በ660 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፣ ከመቅለጡ በፊት መልኩ እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ሳሙናው የሚያስፈልገው እንደ መለኪያ ነው፣ እሱ ሳይኖር በዓይን አይሞከርም። ቀድሞ ቁራጭ ላይ መለማመድ ይሻላል። ከላሜራው ጋር የሚያያዘው ቪቴም አይዝጌ ብረት ከሆነ ቀዳዳው ቡቲል ይፈልጋል። ኮሎራዶ መንገድ ላይ ለበረዶ የሚረጨው ማግኒዥየም ክሎራይድ ሁለት የተለያዩ ብረቶች የተገናኙበትን ቦታ ይበላዋል። በላሜራው ላይ ነጭ ዱቄት ከታየ ነገሩ ጀምሯል።

መልስ 15 ሁሉም የረሱትን አመጣ። ፕላስቲክም ጎማም ከጊዜ ጋር ያጥራል። ከጥቅሉ ወጥቶ እየተሳበ የተገጠመ ጎማ በክረምት ሁለት ጫፉ ተለያይቶ ይገኛል። ስለዚህ ከመገጠሙ በፊት ሞቅ ያለ ቦታ ተዘርግቶ ይረፍ። ሲገጠም አይሳብ። ሲቆረጥ ትንሽ ረዘም ይበል፣ ተጠጋግቶ ይግባ። መጋጠሚያው የት ይሁን ለሚለው መልሱ ግልጽ ነው፤ ከታች፣ መሐል ላይ። ከላይ የተጋጠመ ጎማ ለውኃ በር ከፍቶ መተው ነው።

ከ16 እስከ 19 ያለው የሲሊኮን ጦርነት ነው። ባጭሩ ላሳልፈው። 16 መጋጠሚያውን በሲሊኮን መድፈን ነው አለ። 17 ሲሊኮን የነካውን ነገር ከእንግዲህ ቀለም እንደማይዘው፣ አዲስ ሲሊኮን እንኳ በአሮጌው ላይ በደንብ እንደማይጣበቅ ጻፈ። ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ብረት ይበላል። 18 ቤቱን ሁሉ በሲሊኮን አድርጎ ምንም እንዳልሆነ ተናገረ፣ 17ን አዋቂ ነኝ ባይ አለው። 19 የ17 መልስ ነው፣ እዚህ የማይደገም ቃል አለበት። አስተዳዳሪው ሁለቱንም ረጋ እንዲሉ ጻፈላቸው። እኔ ከ17 ጋር ነኝ። የሚጠገን ነገር ላይ ሲሊኮን አይገባም። ላሜራና እንጨት መካከል ቡቲል ለዓመታት ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ሲፈለግም ይነሣል። የጎማውን ሁለት ጫፍ ለማያያዝ ደግሞ ለጎማ የተሠራ ኮላ አለ።

መልስ 20 መልስ 1ን የጻፈችው ሴት ናት። ስፖንጇን ተወችና ጥሩ ጥያቄ አመጣች። በሩን እንዲህ አጥብቃችሁ ከዘጋችሁት ሁለት ሰው ሌሊቱን ምን ይተነፍሳል? የሚገርመው እስከዚያ ድረስ ያሰበው አልነበረም። መልስ 21 አገዛት። ከትንፋሽ የሚወጣው እርጥበት ብዙ ነው። ጠዋት ላይ ጣሪያው ላብ ያወጣል፣ ሰውዬው ደግሞ በሩ አፈሰሰ ብሎ ጎማ ሊቀይር ይነሣል። ስለዚህ ጣሪያ ላይ የተለመደው 14 በ14 ኢንች የአየር መውጫ ያስፈልጋል፣ ሌላ ጎንም አየር የሚገባበት ትንሽ ቀዳዳ ይተው። ጋዝ የሚያነድ ነገር ውስጥ አይበራም። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያም ይሰቀል። ይህ ከርዕስ መውጣት ነው የሚሉ ነበሩ። አይደለም። ጎማው በደንብ በሠራ ቁጥር ይህ ጥያቄ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከርዕስ መውጣት ካላችሁ 22 ነው። የኋላው ወጥ ቤት ላይ ጀበና ለማፍላት የከሰል ምድጃ ይሻላል ወይስ ጋዝ? አምስት ሰው ተረባረበበት፣ ንዑስ መልስ ስለሆነ ቁጥር አልተሰጠውም። ጋሼ ከሰል አሉ። ፓርኮች ውስጥ የእሳት ክልከላ በሚታወጅበት የኮሎራዶ በጋ ከሰል አይቻልም ብሎ አንዱ አረማቸው። ቡናው ከተፈላ ምን ቸገረህ ብለው ሳቁ።

መልስ 23 አንድ አንቀጽ ነው። አናጺው ተመልሶ መጣ። ስለ ጎማ ይህን ያህል ስታወሩ ከበሩ በላይ አሸንዳ ያለው ሰው አላየሁም አለ። ከጣሪያው የሚወርደው ውኃ በሙሉ በግድግዳው ተንሸራቶ በሩ ራስ ላይ ነው የሚደርሰው። ከበሩ በላይ ትንሽ ወደ ውጭ የምትወጣ፣ ሁለት ጫፏ ወደ ታች ያዘነበለች የአሉሚኒየም አሸንዳ ቢደረግ አብዛኛው ዝናብ ጎማው ጋ ሳይደርስ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ጠርዙ ከመሸፈኑ በፊት ይጠጣ። የኮምፔንሳቶ የተቆረጠ ጫፍ እንደ ገለባ ውኃ ይስባል። በሚነራል ስፒሪት፣ ማለትም በቀለም ማቅጠኛ፣ እኩል የቀጠነ የፖሊዩሬታን ቫርኒሽ ወይም ቀጭን ኢፖክሲ እስኪጠግብ ይቀባ። ለቲ ሞልዲንጉ የሚቆረጠው ቦይ ውስጥም ይቀባ፤ እሱም ጥሬ እንጨት ነው፣ ሰው ግን ይረሳዋል። ሦስተኛ፣ ከታች በኩል ውኃ መውጫ ይኑር። የገባ ውኃ መግቢያውን ያገኘዋል፣ መውጫው ነው የሚጠፋው።

በእኔ እምነት የጠያቂውን ሚስት ከሆቴል የሚያድናት ይህ መልስ ነው። ጎማ የመጨረሻው ዘብ ነው። ዝናቡን ከላይ መመለስ፣ እንጨቱን ማጥገብ፣ በሩ የሚያርፍበትን ፍሬም መሥራት ይቀድሙታል። እነዚህ ከተሟሉ የየትኛውም ኩባንያ ጎማ ይበቃል። ካልተሟሉ የትኛውም አይበቃም።

መልስ 24 የአምፖሉን ውፍረት እንዴት እንደሚመርጡ ነው፣ ወድጄዋለሁ። የልጆች መጫወቻ ሸክላ በላስቲክ ተጠቅልሎ ፍሬሙ ላይ በየቦታው ይደረጋል። በሩ ይዘጋና እስኪቆለፍ ይገፋል። ሲከፈት የሸክላው ውፍረት ይለካል። ትክክለኛው ክፍተት እሱ ነው። አምፖሉ ከዚያ አንድ ሦስተኛ ያህል የወፈረ ይሁን። 6 ሚሊ ሜትር ከተገኘ 8 ገደማ ይፈለጋል። ከበዛ በሩ አልዘጋ ይላል። ወይም ቁልፉ ጋ ይዘጋና ላይና ታች ማዕዘኑ ላይ ይነሣል፣ ውኃው በዚያ ይገባል። በሩ ረጅም ከሆነ ሁለት መቀርቀሪያ፣ አንዱ ላይ አንዱ ታች፣ ይሻላል።

መልስ 25 ስለ አቧራ ነው። ጠጠር መንገድ ላይ የሚጎተት ተሳቢ ከኋላው አየር ይስባል፣ አቧራውም አብሮ። የጣሪያው መውጫ እየተነዳ ክፍት ከሆነ ውስጡ ያለው አየር በዚያ ይወጣል፣ አቧራ ያለው አየር ደግሞ በበሩ ጠርዝ ይገባል። ስለዚህ እየተነዳ ይዘጋ። መልስ 26 ተቃራኒውን አለ። ፊቱ ወደ ነፋሱ የዞረ ማጣሪያ ያለው ትንሽ መግቢያ ቢኖር ውስጡ ግፊት ይሞላል፣ አቧራው አይገባም። ሁለቱም ልክ ናቸው። አንዱ ስለ መውጫ፣ አንዱ ስለ መግቢያ ነው የሚያወራው። ግን ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው የተግባቡት።

መልስ 27 የጠያቂው ነው። ቁጣው በርዶለታል። የወሰነውን ጻፈ። በሩ ጠርዝ ላይ የ13/16 ቲ ሞልዲንግ፣ ጥቁር። ከውስጥ የ1/4 ኢንች ፍሬም፣ እሱ ላይ ነካሽ የኢፒዲኤም ጎማ። ከላይ አሸንዳ። በሩ 66 በ91 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ማዕዘኑ ተቀንሶ ዙሪያው 3 ሜትር ገደማ ይመጣል፣ ለሁለት በር 6 ሜትር። አንድ የ25 ጫማ ጥቅል ለቁርጥራጭ ተርፎት ይበቃል። 6 ግን አሁንም ለቀቅ አላደረገውም፤ ኮምፔንሳቶውን በመለኪያ ለካኸው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጠያቂው ለካው። 18.3 ሆኖ ተገኘ። ከላሜራው ጋር 19.3። የ13/16ቱ በሁለቱም በኩል ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይተርፋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይገራል። የ3/4 ኢንቹ ደግሞ የላሜራውን ስለት ለጥቂት ይስተዋል። ስለዚህ የ5 ምክር ጸና፣ የ6 እርማትም እንዲሁ። ሁለቱም ያሸነፉ መሰላቸው።

መልስ 28 ላይ ልጅቷ ራሷ ጻፈች። ያው ጎማ ለኋላው የወጥ ቤት ክዳንም ይሆናል ወይ ብላ ጠየቀች። አናጺው ለእሷ ሲሆን ደረቅነቱን ትቶት መለሰ። አይሆንም። ክዳኑ በጎበጡ አጥንቶች ላይ የታጠፈ ስስ እንጨት ነው። ተጣብቆ ከቅርጹ ሲወጣ ትንሽ ይፈታል፣ ክፍተቱም ላይና ታች አንድ አይሆንም። መጀመሪያ ክዳኑ ይሠራ፣ ይሰቀል፣ ጥቂት ሳምንት ይክረም። ጎማው ከዚያ በኋላ በሸክላው ተለክቶ ይታዘዝ፣ አምፖሉም ከበሩ ይልቅ ወፍራም ይሁን። ላይኛው ማጠፊያ የትኛው እንደሆነም ጠየቃት። ተራው ረጅም የፒያኖ ማጠፊያ ነው፣ ተገዝቷል። እሱ ዝናብ ያስገባል። በላዩ የጎማ ጨርቅ ይደረብበት፣ ወይም ሁለት ቁራጭ አሉሚኒየም እርስ በርስ የሚቆላለፉበት፣ ለዝናብ የተሠራው ማጠፊያ ይፈለግ። እሷም መደብሩ ይመልስልን እንደሆነ አባቷን ልትጠይቅ ሄደች፣ አስተዳዳሪውም ለክዳኑ የራሱን ክር ከፈተለት።